ዝክሯን የቀመሰ ሁሉ

የእኛ ማኅበር ሰው የስልኩን መክፈቻ መደበቅ አይሆንለትም። ማን በየትኛው ቀን እንደሚዘክር ሁሉም ያውቃል፤ የሚዘክረውን ቀን ደግሞ ሁሉም የስልኩ ቁልፍ አድርጎታል። የሚካኤል ወዳጅ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ነው። የተክልዬ ሃያ አራት ሃያ አራት። እኔም ገብርኤልን ስለምወድ ዐሥራ ዘጠኝን ደግሜ አስገብቼ ነበር፤ እንዲያ አድርጊ ያለኝ ሰው ኖሮ አይደለም፣ በቃ እንደዚያ ነው የሚደረገው።

መጀመሪያ ነገሩን ያየሁት በሳቅ ነው። የማርያም ጽዋ ማኅበራችን እትዬ ቤት ተሰብስቦ ነበር። እትዬ የማኅበሩ ታላቅ ናቸው፤ ቤታቸው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ላንቻ በሚወስደው ቅያስ ላይ ነው። እሳቸው ጓዳ ድፎውን ሲቆርሱ፣ ሴቶቹ የልጅ ልጃቸውን የክርስትና ፎቶ ለማየት የእትዬን ስልክ አነሱ።

«እትዬ፣ ተቆልፏል እኮ።»

«ጊዮርጊስ ነው» አሉ ከጓዳ።

«ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት» አለ ቤቱ በአንድ አፍ፣ እንደ ጸሎት መቀበያ።

ተሳቀ። አንዷ «ለእግዚአብሔርና ለጎረቤት ምን ይደበቃል» አለች። እትዬ ድፎውን ይዘው ወጡና ትሪውን ለማስቀመጥ ጎንበስ ሲሉ፣ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር የታሰረችው የሣጥን ቁልፍ ወርዳ ትሪውን ቃ አደረገችው። ያን ጊዜ ቁልፏን አየሁ እንጂ ምንም አላሰብኩም።

እኔ የጋይንት ልጅ ነኝ። ካዛንቺስ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩና ቂርቆስ ቤት ተከራይቼ በዚያው ቀረሁ። እዚህ ዘመድ የለኝም። በዘመድ ቦታ ያገኘሁት ይህን ማኅበር ነው። ሲያተኩሰኝ ሾርባ ይዞ የሚመጣው ማኅበርተኛ ነው፤ አባቴ አርፎ መርዶ የመጣ ዕለት ከበው ያስለቀሱኝም እነሱ ናቸው። ይህን የምጽፈው ኋላ ከማን ጋር እንደተጋጨሁ እንዲታወቅልኝ ነው። ባዕድን እምቢ ማለት ቀላል ነው።

መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቅ ባለሙያ አለ። አልፎ አልፎ ይሰበስበንና ስለ ፓስወርድ ያስተምረናል። ባልደረቦቼ እሺ እሺ ይሉታል፤ ሲወጣ አዲሱን ፓስወርድ ወረቀት ላይ ጽፈው ኪቦርዱ ሥር ይለጥፋሉ። እኔ ግን ከልጅነቴም ጠንቃቃ ነኝ፤ የጀሪካን ክዳን እንኳ ሁለት ጊዜ ሳላይ አልተኛም። የልደት ቀን አታድርጉ፣ የልጅ ስም አታድርጉ፣ ሰው ስለ እናንተ የሚያውቀውን ነገር አታድርጉ አለን። የቅዱሳንን ቀን አታድርጉ አላለም። እሱ ይህ ከየት ይመጣለታል፤ ከፈረንጅ መጽሐፍ የተማረውን ነው የሚነግረን። እሱን እኔ ራሴ ጨመርኩበትና ያን ዕለት ገብርኤልን ከስልኬ አወጣሁት። በልቤ እንዳለ አለ፤ ስልክ ጥበቃ ላይ ግን ሥራ አላበዛበትም።

ጎረቤቴ የመጣችው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ በምኖርበት ግቢ ከተደረደሩት ሰርቪስ ቤቶች ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ተከራየች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ይዛ የገባችው አንድ የስፌት መኪናና በፌስታል የተቋጠረ ልብስ ነው። ባሏ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ቀርቷል። ለምን ጥለሽው ወጣሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። አንድ ጠዋት ቧንቧው አጠገብ ፊቷን ስትታጠብ ነጠላዋ ወረደና ትከሻዋ ላይ ያለውን ሰንበር አየሁት። መልሱ እሱ ነበር።

የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋለች። ደንበኞቿ በሙሉ በቴሌግራም ነው የሚያገኟት፤ ጥለቱን መርጠው፣ ልካቸውን ልከው፣ ሲያልቅ ካፌ ቀጥራ ታስረክባለች። ስለዚህ ቤት ስትቀይር፣ ሰፈር ስትቀይር፣ ስልኳን አልቀየረችም። ስልኳ እንጀራዋ ነው። የት እንደምትኖር የምናውቀው እህቷ፣ አከራያችንና እኔ ብቻ ነበርን።

ባልየው ግን ያውቅ ጀመር።

መጀመሪያ «ጉንፋኑ ለቀቀሽ?» የሚል መልእክት ላከላት። ቀጥሎ ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ለደንበኛ ቀሚስ ልታስረክብ ሄዳ፣ ከጎኗ ጠረጴዛ ማኪያቶ ይዞ ተቀምጦ አገኘችው። ጽዋ እንደሚያነሳ ሰው ብርጭቆውን ብድግ አድርጎ አሳያት። እየሮጠች ታክሲ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ ደንበኛ አልቀጠረችም።

ጥርጣሬው እኔ ላይ የመጣው ግን በምስር ነው። አንድ የጾም ቀን ምስር ክክ ሠርቼ አብረን በላን። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም።

«አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

ስልኳን ዘረጋችልኝ። ባሏ ነው የጻፈው። «ጸሎተኛዋ ጎረቤትሽ ምስር ማብሰል አትችልም አሉ። እኔ ቤት ጥሬ በልተሽ አታውቂም ነበር።»

«ትናንት የበላነው እኔና አንቺ ነን» አለች። «ሦስተኛ ሰው አልነበረም። አንቺ ካልነገርሽው ማን ይነግረዋል?»

ደነገጥኩ። ሆኖም መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው፤ «ምስሬ ጥሬ ነበር እንዴ?»

«ማለቴ... ትንሽ» አለች።

«ለማን ነው ጥሬ ነው ያልሽው?»

«ለእህቴ። ስቄ ነው የጻፍኩላት።»

በዚያች ቃል ነገሩ ገባኝ። ለእህቷ ጽፋለች። እህቷ ለእሱ አልነገረችም፤ ከእሱ ጋር ከተነጋገረች ዘመን ሆኗታል። ስለዚህ ሰው አልከዳትም። መልእክቷን ሌላ ሰው እኩል እያነበበው ነው።

ቤት አስገባኋትና በሩን ዘጋሁ። «ስልክሽን አንቺው ክፈቺው፤ እኔ አልነካውም» አልኳት። ጣቷን ስታነሳ፣ «ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ስድስት ነው አይደል?» አልኳት።

«በምን አወቅሽ?»

«ኪዳነ ምሕረትን አይደል የምትዘክሪው? ባለፈው ወር ዝክርሽን በላሁ እኮ።»

ስልኩን እንደያዘች ቀረች። «እሱማ» አለች፣ «ከተጋባን ጀምሮ በልቷል።»

ባለሙያው እንዳሳየን አድርጌ መራኋት። ቴሌግራሙ ውስጥ፣ የእሷ ስም በየትኞቹ ስልኮች ላይ እንደተከፈተ የሚያሳይ ቦታ አለ። አንዱ የእጇ ስልክ ነው። ከሥሩ ሌላ ስልክ ተጽፏል፤ እሷ ኖሯት የማያውቅ ስልክ። ከጎኑ አሁንም በመስመር ላይ ነው ይላል።

«የእሱ ነው» አለች። አብረው ሳሉ ተኝታ ወይም ሻወር ገብታ ስልኳን በኪዳነ ምሕረት ከፍቶ፣ ቴሌግራሟን የራሱ ስልክ ላይ አስገብቶታል። ከዚያ ወዲያ እሷ ከቤቱ ወጣች፣ ከዓይኑ ግን አልወጣችም። ለደንበኛ የቀጠረችውን ካፌ፣ ለእህቷ የላከችውን የቤቱን አቅጣጫ፣ ጉንፋኑን፣ ምስሩን፣ ሁሉንም ጎተራ ቁጭ ብሎ አንብቧል። ሁለታችንም ሳናውቀው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር፤ የሚሰማን ይመስል።

ባለሙያው መልእክት በመንገድ ላይ ተመስጥሮ ነው የሚሄደው፣ መሀል ላይ የሚጠልፈው ሰው ቢያገኘውም ማንበብ አይችልም ብሎን ነበር። ይሁን። ጎረቤቴን መንገዱ አልከዳትም። ዘራፊው ቤት ውስጥ ነበር የተቀመጠው፣ ቁልፉንም በዝክር እንጀራ ነው የተቀበለው።

«ከዚህ ስልክ በቀር ሁሉንም አስወጣ የሚለውን ንኪው» አልኳት።

«ያውቃል እኮ። እንዳስወጣሁት ያውቃል። ይመጣል።»

«አሁንስ መቼ ቀረ?»

ነካችው። ያ ስልክ ከዝርዝሩ ጠፋ። ከዚያ የስልኩን ዐሥራ ስድስት አስቀይሬ፣ ለቴሌግራሙ ሁለተኛ ቁልፍ፣ ረጅም ፓስወርድ አስገቢ አልኳት። የኪዳነ ምሕረትን ስም ልትጽፍ ጀመረች፤ ከለከልኳት። «እሷ በጸሎትሽ ትጠብቅሽ። እዚህ ጋ የማይገናኙ ቃላት ደርድሪ፤ ሰው አንቺን አስቦ የማይደርስበት፣ ቂላቂል ነገር።» ዞሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አደረግኩ፤ ሰው ገላውን ሲታጠብ እንደሚዞሩለት። ከኋላዬ ስትጽፍ ትንሽ ሳቀች። ምን እንደጻፈች እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ለአንቺ ልንገርሽ፣ ብረሳው እንኳ» አለች።

«አትንገሪኝ።»

«ቅድም ስለጠረጠርኩሽ ነው?»

«አይደለም። ሌላ ቀን ደግሞ እንዳትጠረጥሪኝ ነው።»

ምስሩን ግን እንደገና ሠርቼ አበላኋት። ያን ቀን አብዝቼ አብስዬው ገንፎ ሆነ። እሷም ይህንን ለእህቷ ጻፈች፤ ጎተራ ማንም አላነበበውም።

ቤቱን ስላወቀው መቆየት እንደማትችል ሁለታችንም ገብቶን ነበር። እህቷ ሌላ ሰፈር ቤት ታፈላልግላት ጀመር። የቤቱ ፎቶ፣ የሰፈሩ ስም፣ የአከራዩ ስልክ፣ ሁሉም በዚያችው ስልክ ውስጥ ነው የሚመላለሰው። ያ ሰው ያቺን ስልክ አንድ ጊዜ ከፍቶ ቢያያት፣ የምትሸሽበት ቦታ አይቀራትም።

እሱ ግን ወደ እኛ አልመጣም። ወደ እትዬ ሄደ። ለካ የክርስትና ልጃቸው ነው። አልቅሶ፣ ጉልበታቸውን ስሞ፣ ሚስቴን ጎረቤቷ አበላሸቻት፣ ስልክ እስከመቆለፍ አደረሰቻት አላቸው። እትዬ በማርያም ዕለት ጎረቤትሽን ይዘሻት ነይ ብለው ላኩብኝ። የእኛ ማኅበር ደንብ ነው፤ ተጣልተው የቆዩ ካሉ ሳይታረቁ ጽዋ አይዞርም።

«አትምጪ» አልኳት ጎረቤቴን። «እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እመጣለሁ» አለች። «በቃ፣ ተደብቄ እስከ መቼ? ይዩኝ።» ስልኳን በመሀረብ ጠቅልላ ጡቷ ውስጥ ከተተችው።

ስንገባ ባልየው ከበሩ አጠገብ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። መልከ መልካም ነው። ድምፁም ለስላሳ። ጽዋው መሀል ላይ፣ የእመቤታችን ሥዕል ፊት፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

«እኔ ብዙ አልፈልግም» አለ። «ትመለስም አልልም። ስልኳን ትክፈትና ለእትዬ ትስጥ። እሳቸው ይዩት፣ እኔም አጠገባቸው ልይ። ሌላ ሰው ከሌላት ልቤ ያርፋል፣ በሰላም እንለያያለን።»

ሴቶቹ አጉተመተሙ። ቀላል ነገር ነው የጠየቀው መሰላቸው። አንዷ ወደ ጎረቤቴ ዘንበል ብላ፣ «ንጹሕ ከሆንሽ ምን አለበት የኔ እናት? አሳዪውና አፉን አስይዢው» አለቻት። ሌላዋ፣ «ሚስት ከባሏ የምትደብቀው ምን አላት? እኛ እዚህ ቤት የማን ቁጥር ነው የማይታወቀው?» አለች።

ጎረቤቴ እጇን ጡቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። መሀረቡ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እኔና እሷ ነን የምናውቀው። ሌላ ወንድ የለም። የአዲሱ ቤት በር ፎቶ አለ።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺን መቆለፍ ያስተማርሻት አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ አንቺው አስከፍቻት። ከቃልሽ አትወጣም። ስለ ማርያም።»

የማያውቅ ሰው ይህን እንደ ተራ ልመና ያየው ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ስለ ማርያም የተባለ ሰው እምቢ አይልም። እኔ ባደግኩበት አገር፣ ስለ ማርያም ተብሎ የለበሰውን ጋቢ አውልቆ የሰጠ ሰው አይቻለሁ። ያውም በማርያም ዕለት፣ ጽዋዋ ፊት። እኔ ራሴ በሕይወቴ በስሟ ተጠይቄ የከለከልኩት ነገር አልነበረም።

«አይሆንም፣ እትዬ» አልኩ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት አማተበች።

«ምን አልሽ?»

«አላስከፍታትም አልኩ።»

«ማርያምን እምቢ አልሽ?»

«የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት።» ወደ ማተባቸው ጠቆምኩ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንገትዎ ላይ ያለችው ቁልፍ የምንድን ናት?»

እጃቸው ሳያውቁት ወደ አንገታቸው ሄደ። «የሣጥኔ ናታ። ምን አገናኛት?»

«ጋሼ በሕይወት ሳሉ ይሰጧቸው ነበር?»

ከሴቶቹ መሀል አንዷን ሳቅ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። የእትዬ ባል ቁልፏን አንዴ እንኳ ሳያገኟት እንደሞቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እትዬ ራሳቸው እየሳቁ ያወሩታል።

«ለምን እሰጠዋለሁ?»

«ምን ነበረበት ሣጥኑ ውስጥ?»

«ምን ይኖርበታል፣ መገነዣዬ፣ የእናቴ ቀሚስ። ሌላ ምን አለኝ።»

«ቢያዩት ታዲያ ምን ነበረበት? ንጹሕ አልነበሩም?»

«የኔ ነዋ» አሉ እትዬ፣ ተቆጥተው። ከዚያ ያሉትን ራሳቸው የሰሙት መሰለኝ።

እናቴም ጋይንት እንዲያ ነበረች። ሣጥኗን ቆልፋ ቁልፏን ከመስቀሏ ጋር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። አባቴ ምን ደብቀሽብኝ ነው ብሏት አያውቅም። አገሩም ባለጌ አላላትም። ሣጥን ያላት ሴት ቁልፍ አላት፣ በቃ። ይህ ስልክ የሚባለው ሲመጣ ነው ሴት ስትቆልፍ ነውር የሆነው፣ ሣጥኑ ዛሬ ኪስ ስለሚገባ።

እትዬ ነገሩን ወዴት ይወስዱት እንደነበር አላውቅም። «ከእኔ ጋር ነው የምታወዳድሪያት?» ብለው መጀመራቸው ነበር። ባልየው ግን አላስጨረሳቸውም። ያ ለስላሳ ድምፅ ተቀየረ።

«እቺን ነው የምትሰሟት? እቺ ምን ታውቃለች ስለ ትዳር? ጥሬ ምስር እያበላች ሚስቴን አስኮበለለቻት። ምስር ማብሰል የማትችል ሴት ስለ ቤት ታስተምረናለች?»

ጎረቤቴ ቀና አለች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችው።

«ምስሩን የበላሁት ከቤትህ ከወጣሁ በኋላ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እዚያ ግቢ ውስጥ። ከእሷ ጋር ሁለታችን ብቻ። ጥሬ ነበር ብዬ የጻፍኩት ለእህቴ ነው።»

እትዬ ወደ ክርስትና ልጃቸው ዞሩ። «አንተ በምን አወቅህ?»

«ሰው ነገረኝ።»

«ማን?»

«ሰው ነው እንግዲህ...»

«እህቷ?»

ነጠላውን አስተካከለ።

«ይቺ ነገረችህ?» ወደ እኔ ጠቆሙ። «ምስሬ ጥሬ ነው ብላ የራሷን ስም ልታጠፋ መጣችልህ?»

አሁን ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቁ፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም። «ቴሌግራሜን የራሱ ስልክ ላይ ከፍቶት ነበር» አለች ጎረቤቴ። «በኪዳነ ምሕረት ቀን ነው የከፈተው። ዝክሬን እየበላ።»

እትዬ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ የሣጥኑን ቁልፍ ይዘው ወደ ደረታቸው፣ ወደ ቀሚሳቸው ውስጥ መለሷት። «ሂድ ልጄ» አሉት። «ዛሬ ሂድ።» ነጠላውን ሰብስቦ ወጣ፤ ሲወጣ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም።

ጽዋው ዞረ። ለጎረቤቴ እትዬ በእጃቸው አቀመሷት። እኔ ጋ ሲደርስ ግን የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሥርዓቱን የምትመራው ሴት፣ አለፈችኝ። ስለ ማርያም ተብላ እምቢ ያለች ሴት ይቅርታ ሳትጠይቅ አትቀምስም አለች። የእትዬን ፊት አየሁ። መሬት መሬት ያዩ ነበር። እንደ ሕጉ ነው።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ሁለት ማኅበርተኞች ለምልጃ መጡብኝ። ‘አጥፍቻለሁ’ በይና ነገሩ ይለቅ፣ አንድ ቃል ነው አሉኝ።

«አላጠፋሁማ» አልኳቸው።

«ስለ ስሟ ብለሽ...»

«ስለ ስሟ ነው እኮ እምቢ ያልኩት። እመቤታችን ራሷ ልጇን ታቅፋ የሸሸች ናት። የሄሮድስ ሰው መንገድ ላይ አግኝቷችሁ፣ ስለ ማርያም፣ ማርያም በየት ሄደች ቢላችሁ፣ ታሳዩታላችሁ?»

አንዷ «አንቺ ደግሞ ወደ መጽሐፍ ወሰድሽው» ብላ ተቆጣች። ሌላዋ ግን ስትወጣ ጉንጬን ሳመችኝ። ጽዋውን እስከ ዛሬ አልቀመስኩም። በማርያም ዕለት ቂርቆስ እሄዳለሁ፣ በሴቶች በር በኩል በድሮው ቦታዬ ቆሜ አስቀድሳለሁ፣ ጠበል እጠጣለሁ። እዚያ የሚያልፈኝ የለም። ይቅርታ ግን አልጠይቅም።

እትዬ አንድ ቀን ከሰዓት ያለ ወትሯቸው ቤቴ ብቅ አሉ። ተቀመጡ። ስለ ኑሮው፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ ስለተበተኑት ጎረቤቶቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሊሄዱ ሲሉ ከነጠላቸው ሥር ስልካቸውን አወጡ።

«እስቲ ጊዮርጊስን አውጪልኝ ከዚህ» አሉ።

ቁጥሩ የሚቀየርበት ድረስ አደረስኩላቸውና ስልኩን መልሼ ሰጥቻቸው ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«ግድግዳው ላይ ምን አለ?»

«እስኪጨርሱ ነው።»

«ለአንቺማ እነግርሻለሁ። እኔ እረሳዋለሁ።»

«አይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«ግትር» አሉኝ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ሲነኩ በሹክሹክታ ይቆጥሩ ስለነበር ጆሮዬን በእጄ ያዝኩ።

ጎረቤቴ የሄደችው በዚያ ሰሞን ነው። የስፌት መኪናዋን በታክሲ ጫነች። አንድ ነጠላ ጥለቱን ራሷ ጠልፋ ሰጠችኝ። ተቃቅፈን ቆመን «የምሄደው...» ብላ ጀመረች። አፏን በእጄ ያዝኩት።

«አትንገሪኝ።»

«አንቺንማ አምንሻለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔ ግን መዋሸት አልችልም። የሚጠይቀኝ ይመጣል፤ ሲመጣ የማላውቅ ልሁን።»

ገባትና አለቀሰች። ታክሲው ከቅያሱ ሲወጣ ወደ የትኛው በኩል እንደታጠፈ እንኳ እንዳላይ ወደ ግቢ ገባሁ።

መጣም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ግቢውን እየጠረግኩ ሳለ የውጭው በር ተገፋ። እሱ ነው። ያ ለስላሳ ድምፁ ተመልሶለታል።

«እህቴ፣ እንደምን አደርሽ? ልጣላሽ አልመጣሁም። የት እንደሄደች ብቻ ንገሪኝ።»

መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ።

«አንቺ እግዚአብሔርን የምትፈሪ ሴት ነሽ፣ አትዋሺም። ስለ ማርያም።»

«ስለ ማርያም» አልኩት እኔም፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «የት እንዳለች አላውቅም።»

ፊቴን መረመረው። ውሸት ፈለገበት። አጣ። ከኋላዬ ያለው የእሷ ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ባዶ ወለሉ ይታያል፤ እንዲያየው ዘወር አልኩለት። ቆሞ ቆሞ ሄደ። የውጭውን በር አልዘጋሁትም፤ መጥረጌን ቀጠልኩ።